ፊቱን ሳልከፍት ያሰርኩት እግር

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ወር አልፎኛል። ባለፈው እሑድ ጊዜ ለማሳለፍ ብዬ ኳስ ሜዳ ወርጄ ነበር። ጨዋታው ሳይጀመር አንድ ተጫዋች ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነጭ ፕላስተር ከጥቅልሉ እየሳበ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ባቱ ድረስ ዙሪያውን ይጠመጥም ጀመር። አዙሮ ሲያገጣጥመው፣ ሲደራርበው፣ በመጨረሻም በጥርሱ ሲቆርጠው አየሁ። በአጠገቤ ያለው ሰው ያወራል፣ ይስቃል። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ሄጄ ልነግረው ፈለግኩ፤ ግን የማያውቀኝ ሽማግሌ ሜዳ መሃል ገብቶ ምን ይለዋል? ጨዋታውን ሳላይ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ፣ "አሞሃል እንዴ?" አለችኝ።

አላመመኝም። ፈርቼ ነው። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ከፍርሃት ጋር ነው ያሳለፍኩት፤ መቼ እንደገባብኝም አሳምሬ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው እሱን ለመናገር ነው።

ሥራ የጀመርኩት ከጠላት ወረራ በፊት፣ ዛሬ ናዝሬት የምንላትን ከተማ ሰው ሁሉ አዳማ በሚላት ዘመን ነው። አባቴ ከቡልጋ ወርዶ በባቡር ጣቢያው አካባቢ እህል የሚነግድ ሰው ነበር። ጥቂት ፊደል ስለቆጠርኩ የባቡር ሠራተኞቹ መታከሚያ ውስጥ የበሽተኛ ስም ጻፍ ተብዬ ተቀጠርኩ። መታከሚያ ማለት በጣቢያው ጀርባ የቆመች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ፈረንጁ ሐኪም በወር ሁለት ጊዜ በባቡር ይመጣና የከበደውን አይቶ ይሄዳል። በቀረው ጊዜ ክፍሏን የያዙት አያ ቱፋ ነበሩ። ደመወዙ ላላገባ ሰው ይበቃ ነበር፤ ስለ መዝገቡም ሆነ ስለ ደመወዙ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አያ ቱፋ የቦሰት ሰው ናቸው። ወጌሻነትን የተማሩት ከአባታቸው ነው። የተሰበረ ክንድ እንዴት እንደጠገኑ ሐኪሙ አንድ ቀን አይቶ ነው ያስቀጠራቸው። ማንበብ አይችሉም፤ አማርኛቸውም ከኦሮምኛ ጋር የተቀላቀለ ነው። እግር በማሰር ግን በመስመሩ ሁሉ የሚያህላቸው አልነበረም።

ጠዋት በሩን እንደከፈቱ፣ ገና በሽተኛ ሳይገባ፣ የዕለቱን ፋሻ አውጥተው የራሳቸውን ግራ እግር ያስራሉ። እግራቸው ደህና ነው። ለምን እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ስጠይቃቸው፣ "ጨርቁ ዛሬ ምን እንደሚል ልስማ ብዬ" አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ክረምት ሲመጣ ነው። በበጋ የሚላላው ፋሻ እርጥበት ሲያገኘው ተኮማትሮ ይጠብቃል። እሳቸው እስከ እኩለ ቀን እግራቸውን እንዳሰሩ ይሠሩና የዚያን ቀን ጨርቅ ጠባይ በራሳቸው ሥጋ ያውቁታል። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቃሉ። ሰውየውን ዓይኑን አስጨፍነው የእግሩን ጣቶች በየተራ እየነኩ፣ "ይሄ የትኛው ነው?" ይላሉ። ካሰሩ በኋላ እስከ ሐዲዱ ሄዶ እንዲመለስ ያደርጉታል፤ ሲመለስ የአውራ ጣቱን ጥፍር ይጫኑትና ነጣ ብሎ ደም ሲመለስበት ካላዩ አይለቁትም። ሲያስሩ ሰው ካናገራቸው ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ። በዚህ ምክንያት የሚናደድ ብዙ ነበር።

ወደ እኛ ከሚመጡት የሚበዙት ሐዲድ ጠባቂዎች ናቸው። ሐዲድ ጠባቂ ባቡር ከመምጣቱ በፊት የተሰጠውን መንገድ በእግሩ እየሄደ የላላ ብሎን የሚያጠብቅ፣ ጎርፍ የሸረሸረውን የሚያይ፣ አደጋ ካገኘ ቀይ ጨርቅ ይዞ ባቡሩን የሚያቆም ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ በጠጠር ላይ ሲሄድ ይውላል። ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል፣ ቅልጥሙ ይቆስላል፣ ባቱ ይሸማቀቃል። እግሩ እምቢ ካለው ደግሞ ቦታውን ለመውሰድ ሌላ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

በሁለተኛው ዓመቴ ሐኪሙ በጣሳ የታሸገ ፕላስተር ይዞ መጣ። ያን ጊዜ ለእኛ እንግዳ ነገር ነበር፤ የጎማ ሽታ አለው፣ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። አሠራሩን ሐኪሙ በእኔ እግር ላይ አሳየን። መጀመሪያ ረጃጅሙን ቁራጭ ከባት ውስጠኛው ጎን አውርዶ በተረከዝ ሥር አሳለፈና በውጭው በኩል ወደ ላይ ሳበው። ቀጥሎ አጫጭሮቹን ከኋላ እያስነሣ በግራና በቀኝ ወደ ፊት አመጣቸው፤ አንዱ የሌላውን ግማሽ ይሸፍናል። ፊት ለፊት ግን አላገናኛቸውም። ከእግር ጣቶች ሥር እስከ ቅልጥም ድረስ ሁለት ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ ተወ።

አያ ቱፋ ጎንበስ ብለው ያን ክፍት ቦታ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ፣ "በየነ፣ እዚህ ጋ ተመልከት። የተጎዳ እግር ማበጡ አይቀርም። ማበጫ ካልተውክለት ወደ ውስጥ ነው የሚያብጠው። ይህን ፊት መቼም እንዳትዘጋው" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ገብቶኝም ነበር።

ነሐሴ ወር ላይ ነው። አያ ቱፋ ወባ ይዟቸው ቤታቸው ተኝተዋል። በዚያ ሳምንት ከሐዲድ ጠባቂዎቹ ሁለቱን ወባ ጥሏቸዋል። አንድ ጠዋት ገመቹ የሚባለው ወጣት ሐዲድ ጠባቂ በዱላ እየተደገፈ ገባ። ቤቱ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው ሐዲድ አጠገብ፣ ከአዳማ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። በዚያው ጠዋት ወደ ጣቢያው ሲመጣ ጠጠር አንሸራቶት እግሩ ዞሯል። ቁርጭምጭሚቱ ገና ማበጥ መጀመሩ ነው። የሐዲድ ጠባቂዎቹ አለቃ ካቦው ተከትሎት መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር።

"ይሄዳል አይሄድም?" አለኝ ካቦው። "ካልሄደ አሁኑኑ ንገረኝና ሌላ ሰው ልቅጠር።"

"ሁለት ሦስት ቀን መተኛት አለበት" አልኩ።

ገመቹ እጄን ያዘኝ። "በየነ፣ ወንድሜ፣ አትበል። ሁለት ልጆች አሉኝ። ዲንቄ ሦስተኛውን ይዛለች። ዛሬን ብቻ አቁመኝ።"

ፈራሁ። ካቦውን ፈራሁ፣ ገመቹ ሥራ ቢያጣ በእኔ ምክንያት ይሆናል ብዬም ፈራሁ። ብቻዬን በመሆኔም ፈራሁ። ፕላስተሩን አወጣሁ። ረጃጅሞቹን በትክክል አደረግኩ። አጫጭሮቹን ስጀምር ገመቹ ቆሞ ሞከረና፣ "አልያዘኝም፣ አጥብቀው" አለ። አጠበቅኩት። እንደገና ሞከረ፤ "ፊት ለፊት ይከፈትብኛል" አለ። ካቦው በር ላይ እግሩን ያወዛውዛል። ያን ጊዜ ጥቅልሉን ሳልቆርጥ ዙሪያውን ሦስት ጊዜ አዞርኩትና ፊቱን ዘጋሁት። ገመቹ ተነሣ፣ ረገጠ፣ ሳቀ። "አሁን ብረት ሆነ" አለ።

የተናገርኩትን ቃል እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። "ስትመለስ እኔ ራሴ እፈታልሃለሁ። ምንም ቢያምህ እንዳትነካው" አልኩት። ጥፍሩንም አልተጫንኩም። ዱላውን እዚያው ትቶ ሄደ።

ከቀትር በኋላ በቦሰት ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረና የማይቆም ዝናብ ወረደ። ገመቹ አልተመለሰም። ወለንጪቲ ደርሶ ተጠልሎ ይሆናል አልን። በማግስቱ ከአዋሽ በኩል የሚመጣው ባቡርም ቀረ። ጣቢያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባቡሩ ተገልብጦ ይሆናል እያለ ይንሾካሾክ ጀመር። ካቦው ሠራተኞቹን ሰብስቦ በእጅ በምትገፋው የሐዲድ ጋሪ ይዟቸው ሊሄድ ሲዘጋጅ እኔ ወደ አያ ቱፋ ቤት ሄድኩ። በጋቢ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። የገመቹን ነገር ነገርኳቸው።

"በምን አሰርከው?"

"በፕላስተሩ።"

"ፊቱን ከፍተህ ነዋ?"

ቀና ብለው አዩኝ፤ በዚያ ትኩሳት ውስጥ ዓይናቸው የጠራ ነበር።

"ዘጋሁት፣ አያ" አልኩ።

"ሂድ" አሉኝ። "ሮጠህ ሂድና ፍታለት። ቢላም ቢሆን፣ ጥርስህም ቢሆን። ሂድ።"

ጋሪዋ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ከአዳማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ያህል እንደሄድን ጎርፍ አገደን። በበጋ ደረቅ አሸዋ የነበረው ሸለቆ ወንዝ ሆኖ ዛፍ እየነቀለ ይወርዳል። ትንሹን ድልድይ ጠርጎ ወስዶታል፤ ሐዲዱ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። በማዶ ባቡሩ ደህና ሆኖ ቆሟል። ገመቹ ድልድዩ መሸርሸሩን ሲያይ ተሻግሮ፣ በዚያ እግሩ ወደሚመጣው ባቡር ሮጦ በቀይ ጨርቁ ነበር ያቆመው። ይህን በኋላ ነው የሰማነው። ያን ጊዜ ያየሁት ገመቹ ፉርጎው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሰዎች ከበውት ዳቦ ሲበላ ነው።

"ፍታው!" ብዬ ጮህኩ። የውሃው ድምፅ ዋጠኝ። እግሬን አንሥቼ በእጄ የመፍታት ምልክት አሳየሁት። ገመቹ አየኝ። ሳቀ። እሱም እግሩን አነሣና ፕላስተሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ጠንካራ ነው ማለቱ ነው። ከዚያ እጁን አወዛወዘልኝ።

ከሠራተኞቹ አንዱ ገመድ በወገቡ ታስሮ ለመሻገር ሞክሮ ውሃው ሊወስደው ሲል በግድ ጎትተው አወጡት። ካቦው ማንም እንዳይገባ ከለከለ። እኔ ዋና አልችልም። ቢሆንም ሰው ሳያየኝ ትንሽ ወደ ታች ወርጄ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ደረስኩ። ድንጋይ ከሥሬ ሲንከባለል ተሰማኝ። አንድ እርምጃ ብጨምር እወሰዳለሁ፤ ምናልባት ደግሞ አልወሰድም ነበር። ፈራሁና ወጣሁ። ይህን ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም።

ውሃው የጎደለው በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው። መቀስ ይዤ መጀመሪያ የተሻገርኩት እኔ ነኝ። ገመቹ ፉርጎ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

"ፈያዳ፣ ደህና ነኝ" አለኝ። "ትናንት ሲያቃጥለኝ ዋለ። ልፈታው ብዬ እንዳትነካው ያልከኝ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ኋላ ግን ሕመሙ ተወኝ። ምንም አይሰማኝም፤ ድኗል መሰለኝ።"

መቀሱን በፕላስተሩ ሥር አስገባሁ። ፕላስተሩ ሲከፈት ሥጋው እንደ ሊጥ ወጣ። እግሩ የወንዝ ድንጋይ ይመስል ቀዝቅዟል። ጣቶቹ ጠቁረዋል። ዓይኑን አስጨፍኜ አንድ በአንድ ነካኋቸው፤ "ይሄ የትኛው ነው?" አልኩት።

"ነካህ እንዴ?" አለኝ።

ሐኪሙ ከዚያ በሦስተኛው ቀን መታከሚያው ደርሶ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጠው። ከሥቃዩ ሁሉ የከፋብኝ ግን ምስጋናው ነው። ከባቡሩ የወረዱት ሰዎች እየመጡ እጄን ያዙኝ። ካቦው በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ "ይሄ ልጅ እግሩን ባያስርለት ዛሬ ሬሳ እንለቅም ነበር" አለ። እውነት ነው፤ ባቡሩ ድኗል።

ሐኪሙ የተቆረጠውን ፕላስተር አነሣና የተዘጋውን ፊቱን አየ። "ይህን ማን አሰረ?" አለ። አፌ አልከፈት አለኝ። አያ ቱፋ ከሕመማቸው ገና አልተነሡም ነበር፤ ግድግዳ ይዘው ቆመዋል። "ከእኔ ክፍል የወጣ ነው" አሉ። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ተቆጣቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት፤ እኔ ደግሞ ቆሜ ሰማሁ።

አያ ቱፋ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ከሳምንት በኋላ ሁለት የጨርቅ ከረጢቶች ይዘው መጡ። ደረቅ ሽምብራ ሞልተውባቸዋል። "እሰራቸው" አሉኝ። "አንዱን ፊቱን ክፈተው፣ አንዱን ዝጋው። እንደ ሰው እግር አድርገህ።" አሰርኳቸው። ሁለቱንም ውሃ ባልዲ ውስጥ ከተቷቸውና ሥራችንን ስንሠራ ዋልን። አመሻሹ ላይ አወጧቸው። ፊቱ የተከፈተው ሽምብራው አብጦ በክፍቱ በኩል ከረጢቱን ወደ ውጭ ገፍቶታል፤ ደህና ነው። የተዘጋው እንደ እንጨት ጠጥሮ ቆሟል። በቢላ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ስፌቱ ተተረተረና ሽምብራው ወለሉ ላይ ተበተነ። ብዙው ተጨፍልቆ ነበር። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ለቀምኩት። እሳቸውም አጠገቤ ቁጭ ብለው ለቀሙ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሞጆ ተዛወርኩ። እዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ቁስል አጠብኩ፣ ኪኒን አደልኩ፤ እግር ግን ማሰር አልቻልኩም። እግሩ የዞረ ሰው ሲመጣ ሰበብ ፈልጌ ወደ አዳማ እልከዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ጭነት ተሸካሚ በባቡር መሄድ አልችልም ብሎ እምቢ አለኝ። አሰርኩት፤ ግን ፈርቼ እጅግ አላላሁት። ዕቃ ተሸክሞ ከፉርጎ ሲወርድ ፋሻው ተፈትቶ ጠልፎ ጣለው፤ ጥርሱም ተሰበረ። ሰውየው ሰደበኝ። ፍርሃትም ሰውን እንደሚሰብር ያን ቀን ነው ያየሁት።

አያ ቱፋ ያረፉት በሁለተኛው ዓመት ክረምት ነው። ያው ወባው ነው። የቀብራቸው ዕለት የመስመሩ ሐዲድ ጠባቂዎች በሙሉ መጥተው ነበር። ገመቹ በምርኩዝ ቆሞ አየሁት፤ በሩቁ ሰላም አለኝ። ሚስቱ ዲንቄ ግን ፊቷን አዞረች። ልወቅሳት አልችልም። እግሩ ከተቆረጠ ወዲህ ላሞቹን የምታልበው፣ ወተቱን በቅል ተሸክማ በየጠዋቱ አዳማ የምታወርደው እሷ ናት። በመታከሚያው በር ስታልፍ መንገዱን ተሻግራ በማዶ ትሄዳለች። እኔም የምታልፍበትን ሰዓት ስለማውቅ ወደ ውስጥ እገባለሁ። በአያ ቱፋ ቦታ ወደ አዳማ ተመልሼ ነበርና ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነበር።

አንድ ጠዋት ሁለት ሴቶች ዲንቄን በግራና በቀኝ ደግፈው አመጧት። ወተቷን ሸጣ ስትመለስ ሐዲዱን ስትሻገር እግሯ ዞሯል። አግዳሚው ላይ አስቀመጧትና ሄዱ። እግሯን አየሁ፤ የገመቹ እግር ያን ቀን ጠዋት እንደነበረው ነው።

"ሽማግሌው የት አሉ?" አለች። ማረፋቸውን ታውቃለች፤ ቀብራቸው ላይ ነበረች።

"የሉም፣ ዲንቄ።"

"ሌላ ሰው የለም?"

"ከእኔ በቀር የለም።"

ተነሥታ ልትሄድ ሞከረች። እግሯ አልቆም አላትና ግድግዳውን ያዘች። ቀስ ብላ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋችልኝ። ፊቷን ግን ወደ በሩ አዞረች።

ሦስት ቀን ብትተኛ እንደሚሻላት ነገርኳት። "ማን ሊያልብ?" አለች። ፕላስተር ነበረኝ፤ አልነካሁትም። እሷ ራሷ ልትፈታው የምትችለው ፋሻ ይሻላል ብዬ ነው። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅኩ። ከጣቶቿ ሥር ጀምሬ ወደ ላይ በስምንት ቁጥር አሰርኩ፤ በእያንዳንዱ ዙር ጣቴን በፋሻው ሥር አሳልፌ አየሁ። ሁለት ጊዜ ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ። ላቤ እግሯ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

"አንተ ደግሞ ለምን ትንቀጠቀጣለህ?" አለችኝ።

"ፈርቼ ነው።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችኝ።

"ስሚኝ" አልኳት። "ከጠበቀሽ ፍቺው። ካቃጠለሽ ፍቺው። ሕመሙ ድንገት ጸጥ ካለሽ ደግሞ ከሁሉ በፊት ፍቺው። እኔን አትጠብቂ።"

ዱላ ይዛ ወጣች። እስከ ሐዲዱ ሄዳ ትመለሳለች ብዬ ስጠብቅ በዚያው ቀጠለች። ሦስት በሽተኞች ተሰልፈው ነበር። ይቅርታ ጠይቄያቸው በሩን ቆለፍኩና ተከተልኳት። ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ በሐዲዱ ዳር ሄድኩ። ስትቆም እቆማለሁ። ከከተማው እንደወጣን ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ሳትዞር፣ "እስከ ቤቴ ልትከተለኝ ነው?" አለች።

"አዎ።"

"እንግዲያው ከኋላዬ አትሁን፤ ሰው ሌባ ይልሃል። ና ከጎኔ ሂድ።"

ከጎኗ ሄድኩ። ቅሉን ተቀበልኳት። ሁለት ጊዜ ቆመን ጥፍሯን አየሁ። ብዙ አላወራንም፤ ላሟ ጥጃ ስለመጣሏ ነገረችኝ።

ገመቹ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ገመድ ይገምድ ነበር። ሁለታችንን ሲያይ እጁ ቆመ። የሚስቱን እግር አየ፣ እኔን አየኝ። "አካም፣ በየነ" አለ። ዲንቄ ገብታ ስትቀመጥ እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ የነበረውን ነገርኩት። ፊቱን አትዝጋ ተብዬ መዝጋቴን ነገርኩት፤ አያ ቱፋ በእኔ ጥፋት ሲወቀሱ ዝም ማለቴንም። የጎርፉን ነገር መጨረሻ ላይ ተናገርኩ። "እስከ ጉልበቴ ገብቼ ነበር። ፈርቼ ተመለስኩ" አልኩት።

"አይቼሃለሁ" አለ። "ውሃው ሊወስድህ ነው ብዬ ተመለስ፣ ተመለስ እያልኩ እጄን አወዛውዝልህ ነበር።" ገመዱን መግመድ ቀጠለ። "ያን ጠዋት እምቢ ብትለኝ እረግምህ ነበር። ብታስረኝ ደግሞ ይኸው። ተቀመጥ፤ ፀሐይ ላይ አትቁም" አለኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ተቀመጥኩ፤ ወተት ሰጡኝ፤ ጠጣሁና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ እያለቀስኩ ነበር የምሄደው።

በአራተኛው ቀን ዲንቄ ወተቷን ሸጣ ወደ መታከሚያው ገባች። እብጠቱ ጎድሏል። ፋሻውን አጥባ ይዛው ነበር። ላስርላት እጄን ብብቴ ውስጥ ስከት፣ "ተው፣ ዛሬ እኔ ልሰር፤ አንተ ተመልከት" አለችኝ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ከጣቶቿ ጀመረች። ዙሮቹ አልተካከሉላትም፤ አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበበ። ላስተካክል እጄ ሊዘረጋ ሲል ወደ ኋላዬ አድርጌ ያዝኩት። ጨርሳ ጫፉን አስገባች። ቆማ ረገጠች፤ ጎንበስ ብላም የአውራ ጣቷን ጥፍር ተጫነችና ቀለሙን አየች።

"ይሆናል?" አለችኝ።

"አንቺ ነሽ የምታውቂው" አልኳት።

ቅሏን አንሥታ በሐዲዱ ዳር ወደ ቤቷ ሄደች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። እንደዚያን ቀን ፈርቼ ነበር፤ ግን አልተከተልኳትም። ከዓይኔ ስትርቅ ወደ ውስጥ ገባሁና ተራ ይጠብቅ የነበረውን ሰው ጠራሁት።